የሦስት ቀን ፊርማ

አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። የትራስ ልብስ ከሆነ እንደምንም ደረት ላይ አስደግፎ ማጠፍ ይቻል ይሆናል፤ የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ ግን የግድ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዷ ከዚህ፣ አንዷ ከዚያ ጫፉን ይዘው ያራግፉታል፣ ይጠጋጋሉ፣ ጫፍ ከጫፍ ያገናኙታል፣ ደግሞ ይራራቃሉ። ቀጮና ድንቡሼ በዚያ ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ እንዲህ ሲጠጋጉና ሲራራቁ አሥራ አንድ ዓመት ሞላቸው። ስሙን ያወጣላቸው የማድረቂያ ማሽን ሠራተኛው ነው። አንዷ እንጨት የመሰለች፣ ሌላዋ በር ስትገባ በሩ የሚጨነቅላት። "እናንተን ቀላቅሎ ለሁለት የሚያካፍል ቢገኝ፣ ሁለት ደህና ሴት ይወጣችሁ ነበር" ይላቸዋል። "ብንወጣስ ላንተ ብለን ነው?" ትለዋለች ድንቡሼ፣ የእንፋሎቱ ክፍልም በሳቅ ይሞላል።

በሩ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ አቴንዳንስ ይቀመጣል። አንድ ሰዓት ከአሥር ሲል ተቆጣጣሪው በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርበታል፤ ከዚያ በኋላ የደረሰች ቀኗ ተቆረጠ። አውቶቡስ ደግሞ የቀይ እስክሪብቶ ነገር አይገባውም። ስለዚህ ቀድማ የደረሰችው ለዘገየችው ትፈርማለች። "ያዢልኝ" ይባባላሉ፣ ወንበር እንደሚያዝ። ማታለል ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ያቺ ሴትዮ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እያለከለከች መድረሷ አይቀርማ። ድንቡሼ የቀጮን ፊርማ ከራሷ ፊርማ በላይ ታውቀዋለች፤ ቀጮም የድንቡሼን እንዲሁ።

ዱብ ዕዳው የመጣው ከዚሁ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት የቀጮ እናት ለኩላሊት እጥበት ሊሄዱ ለብሰው፣ ሻርፓቸውን ጣል አድርገው፣ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዘፍ ብለው ወደቁ። ቀጮ በጎረቤት መኪና አፋፍሳ ሆስፒታል አደረሰቻቸው። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለተቆጣጣሪው ደወለች።

"አለቃ፣ እናቴ ወድቃብኝ ነው፤ መምጣት አልችልም።"

"በይ ከጎናቸው አትለዪ፤ እናት አይደሉ እንዴ! ሦስት ቀን ሕጉም ይፈቅድልሻል። እኔ አለሁ" አላት።

ደግ ሰው ነው፤ ግን የሚረሳ ደግ። ስልኩን ዘግቶ የፈነዳ ቧንቧ ሊያይ ሮጠ፣ በዚያው ለማንም ትንፍሽ ሳይል ቀረ። የቀጮም ስልክ ባትሪው አለቀ፤ ቻርጀሩ ቤት ነው፣ እናቷ አልጋ ላይ ናቸው፣ ማን ስለ ስልክ ያስባል!

ድንቡሼ ጠዋት ገብታ ጓደኛዋን አጣቻት። ቀይ እስክሪብቶው ሊመጣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ፈረመችላት። አልመጣችም። ማክሰኞ "ዛሬስ ትመጣለች" ብላ ፈረመችላት። ረቡዕም "አንድ ነገር ሆናለች፤ ሥራዋን ደግሞ አትጣ" ብላ ፈረመችላት።

ሐሙስ ቀጮ ተመለሰች፤ እናቷ ነፍስ ዘርተዋል። ገና ወሬ እንኳ ሳይለዋወጡ የአስተዳደር ኃላፊው አስጠራት። ሦስት ቀን ማጠፊያው ጋ እንዳልታየች ወሬ ደርሶት፣ ጠረጴዛው ላይ የሦስቱን ቀን አቴንዳንስ ዘርግቷል።

"ሰኞ የት ነበርሽ?"

"ሆስፒታል።"

"ማክሰኞና ረቡዕስ?"

"እዚያው ነኝ ጌታዬ። ለአለቃ ደውዬ ነግሬ…"

"ታዲያ ይሄ የማን ፊርማ ነው?"

ቀጮ አየችው። የራሷ ፊርማ ነው፤ እንዲያውም ከራሷ ይልቅ አምሮ የተፈረመ። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ዓይኗን ማሸት አላስፈለጋትም። "አላውቅም" አለች።

ደብዳቤው ከሰዓት በኋላ ተጽፎ ደረሳት፦ በማጭበርበር፣ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ከዛሬ ጀምሮ። መታወቂያዋን ሲቀበላት እንደ ሰው ቆማ ሰጠችው። የሕክምና ካርዱን ሲጠይቃት ግን ከቦርሳዋ አውጥታ በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘችው። በዚያ ካርድ ላይ ከስሟ ሥር የእናቷ ስም ተጽፏል። እናቷ በሳምንት ሁለት ቀን ማሽኑ ላይ የሚተኙት በዚያ ካርድ ነው፤ ከኪስ የሚቻል ነገር አይደለም። ሥራው ሄደ ማለት ካርዱ ሄደ ማለት ነው፣ ካርዱ ሄደ ማለት ማሽኑ ሄደ ማለት ነው። ማሽኑ ከሄደ በኋላ ያለውን ቀጮ በሐሳቧም አልጨረሰችውም።

ያን ዕለት ከሥራ መልስ ድንቡሼ ወደ ቀጮ ቤት እየሮጠች መጣች፤ ደጃፉ ላይ ሳትደርስ ለቅሶዋ ቀደማት። "እኔ ልደፋልሽ! በገዛ እጄ ገደልኩሽ!"

"ኧረ ማንም አልሞተ፤ ተቀመጪ" አሉ የቀጮ እናት ከአልጋቸው። "ደግሞ ቀስ ብለሽ፣ ያች ወንበር እግሯ ላልቷል።"

ድንቡሼ እያለቀሰች ሳቀች። "ነገ ገብቼ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።"

"አብደሻል? ልጆቹስ?" አለቻት ቀጮ። ድንቡሼ ባል የላት፣ ወላጅ የላት፤ የሟች እህቷን ሦስት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። "ዝም በይ። መጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል ልጠይቅ።"

ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ በነፃ የሚያማክር ቢሮ አለ። ሁለት ጠበቆች ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተጠጋግተው ይሠራሉ፤ የፋይል መደርደሪያው በር እንዳይከፈት በተጣጠፈ ካርቶን ተወትፏል። ቀጮ የደረሳት ጠበቃ ልጇ ልትሆን የምትችል፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ መነጽሯን የምትፈልግ ልጅ ናት።

"እትዬ፣ ልብ ብለው ያዳምጡኝ" አለቻት ደብዳቤውን አንብባ። "በሦስት ወር ውስጥ መክሰስ መብትዎ ነው። ያባረሩዎት ከሕግ ውጭ ከሆነ ወደ ሥራዎ ይመለሳሉ፣ ካርዱም አብሮ ይመለሳል። ሦስቱን ቀን ሕጉ ሰጥቶዎታል፤ ተቆጣጣሪውም ፈቅዷል። ያ መስመር ባዶ ቢሆን ኖሮ ማንም ንክች አያደርግዎትም ነበር።"

"ምን አልሽኝ?"

"ማንም ባይፈርምልዎት ኖሮ፣ ዛሬ ሥራዎ ላይ ነበሩ።"

ቀጮ ሳቋ መጣ። ምኑ እንደሚያስቅ ሳታውቅ ሳቀች፣ ሳቋ አልቆም ሲላት ጠበቃዋ ደንግጣ ውኃ ልታመጣ ወጣች። እስከ ዛሬ ያልፈረመላት ሰው ቢኖር ሄዳ እግሩን ትስም ነበር።

ውኃውን ስትጠጣ ጠበቃዋ ቀጠለች። "መፍትሔው አንድ ነው። የፈረመው ሰው ቀርቦ 'እሷ ሳታውቅ ነው የፈረምኩላት' ይበል። ያኔ እርስዎ ነፃ ነዎት።"

"እሱስ?"

ጠበቃዋ ደብዳቤውን አጥፋ መለሰችላት። "ሕጉ ለመሰከረ ሰው ከለላ አለው። ለፈረመ ሰው ግን የለውም።"

ቀጮ ይህን ለድንቡሼ ላትነግራት ምላ ወጣች። ግን አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት የቆመን ሰው ማን ይሸውዳል! ድንቡሼ በሁለት ቀን ውስጥ አውጣጥታ ሰማችው። "አንቺስ ለእኔ ስንቴ ፈርመሻል? ትንሿ ኩፍኝ ሲይዛት፣ ትልቁን ትምህርት ቤት ሳስመዘግብ… ቁጠሪው እስቲ! እመሰክራለሁ አልኩ፣ እመሰክራለሁ። የመጣው ይምጣ" አለች። ቀጮ እምቢ ማለት ነበረባት። እናቷ ፊታቸው አብጦ እንደ ሊጥ ሲነፋ እያየች፣ አላለችም።

የክሱ ቀን ተቆጣጣሪው ቀርቦ እውነቱን ተናገረ። "ደውላልኛለች፣ ፈቅጃለሁ፣ መናገር ረስቻለሁ" አለ አንገቱን ደፍቶ። ቀጥሎ ድንቡሼ ተጠራች። ለሰው ሠርግ ያሰፋችውን፣ አሁን የጠበባትን ቀሚስ ለብሳ መጥታለች። አፏን ሞልታ ተናገረች፤ እኔ ነኝ፣ ሦስቱንም ቀን፣ እሷ ምንም አታውቅም አለች። 

የድርጅቱ ጠበቃ ተነሣ። ረጋ ያለ፣ ጫማው የሚያበራ ሰው ነው። ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበላት። "እስቲ የእሷን ፊርማ ፈርሚው።"

ድንቡሼ ጎንበስ አለች። ዳኛው ያያሉ፣ ሰው ሁሉ ያያል። እጇ ተንቀጠቀጠ። የጻፈችው ዶሮ የጫረው እንጂ ፊርማ አይመስልም። "ድገሚው" አላት። ባሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር እስክሪብቶው ከእጇ አምልጦ ወለል ላይ ተንከባለለ።

"ጠዋት ጠዋት ቆሜ ነው የምፈርመው!" አለች ልታነሣው ጎንበስ ብላ። "ሳላስበው ነው የሚወጣው! ሳስበው እንዴት ብዬ…" ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛው ዝም አሰኙትና መጻፍ ጀመሩ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ምስክሯ ጓደኛዋን ለማዳን ያላደረገችውን አድርጌያለሁ ብላለች፤ ፊርማው የእሷ አይደለም፤ ከሳሿ በሌላ ሰው ማስፈረሟን ፍርድ ቤቱ ተቀብሎታል፤ ክሱ ውድቅ ነው።

በሦስተኛው ቀን ድንቡሼ ከድርጅቱ የስንብት ደብዳቤ ደረሳት። ምን ቢል ጥሩ ነው? "በፍርድ ቤት በራስሽ አንደበት ባመንሽው መሠረት" ይላል። ወይ ጉድ! አንዱ ማኅተም አልፈረመችም ይላል፣ ሌላው ማኅተም ፈርማለች ይላል፣ ሁለቱም ማኅተሞች ሰው ቤት ገብተው እንጀራ ይነጥቃሉ። የት ይኬዳል? ለማን ይጮኻል?

ተያይዘው ወደዚያው ቢሮ ሄዱ። ጠበቃዋ ፍርዱንና ደብዳቤውን ጎን ለጎን አስቀምጣ አነበበች። ከዚያ ቀጮን ወደ ራሷ ጠረጴዛ፣ ድንቡሼን ወደ ባልደረባዋ ጠረጴዛ ለየቻቸው። "ከእንግዲህ ሁለታችሁንም መያዝ አልችልም" አለች። ቀጮ ከፍርዱ ቀን ጀምሮ ሠላሳ ቀን የይግባኝ ጊዜ አላት፤ በይግባኙ ፊርማው በባለሙያ ይመረመርልን ብትል ታሸንፋለች። ለድንቡሼ ደግሞ አንድ ክንድ በሚያህል ርቀት ላይ የተቀመጠው ጠበቃ ሌላ ነገር ነገራት፦ ፍርድ ቤት አልፈረመችም ብሎላታል፤ ያ ፍርድ እስከጸና ድረስ እሷን ማባረር አይችሉም፣ ትመለሳለች። በአጭሩ ቀጮ ካሸነፈች ድንቡሼ አለቀላት። ቀጮ ዝም ካለች ድንቡሼ ዳነች።

ከቢሮው ወጥተው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። እዚያ ደርሰው ድንቡሼ የቀጮን እጅ ያዘች። ያቺ አንድ ቤት ሰው በቀልድ የምትገለብጥ ሴት፣ ያን ቀን አልቀለደችም።

"ይግባኝ አትበይብኝ" አለቻት። "ሌላ ብልሃት ባውቅ እንዲህ አልልሽም። ለራሴ ቢሆን መንገድ ላይ ልውደቅ። ሦስቱን ወዴት ልበትናቸው? እማዬን ደግሞ ተጋግዘን፣ ሥራ ከገባሁ በኋላ አንድ መላ እንፈልጋለን። እባክሽ ቀጮዬ።"

"እሺ" አለች ቀጮ።

"በእማዬ ሞት?"

"በእማዬ ሞት። አልልም።"

የማለችው ከልቧ ነው፤ ይህን ማንም አይጠርጥርባት። ከፍርዱ ሲቆጠር እስከ ሃያ ስምንተኛው ቀን ቃሏን ጠበቀች። ሆስፒታሉ እናቷን በበጎ ፈቃድ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰው የቀረበት ማሽን ሲገኝ ያስተኛቸው ነበር። በሃያ ዘጠነኛው ቀን ነርሷ ኮሪደሩ ላይ አስቀርታት ለስለስ ባለ ድምፅ ነገረቻት፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ያ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ ወጣት ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ቀጮ በማን ትቆጣ? በወጣቱ?

እናቷ ያን ቀን መተኛት አልቻሉም፤ ሲተኙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ተቀምጠው፣ ትራስ ታቅፈው፣ ዓይናቸውን አስለምልመው ዋሉ። "ሸክም ሆንኩብሽ፣ ይቅር በዪኝ ልጄ" አሏት። ምነው ዝም ባሉ! ምነው በተሳደቡ! ቀጮ ሽንት ቤት ገብታ ፎጣ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ጮኸች።

በሠላሳኛው ቀን መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ይግባኙን አስገባች። ለድንቡሼ አልነገረቻትም። ሁለት ጊዜ እስከ ሰፈሯ ድረስ ሄዳ፣ የሰፈሩ መግቢያ ላይ ያለው ሱቅ ጋ ስትደርስ ቆማ ቆማ ተመለሰች። ድንቡሼ የሰማችው ከፍርድ ቤት በመጣላት መጥሪያ ነው፦ የእጅ ጽሑፍ ናሙና ለመስጠት በዚህ ቀን ቅረቢ።

ቀረበች። ክፍሉ ውስጥ መርማሪው፣ የሁለቱም ወገን ጠበቆች፣ ቀጮና እሷ ብቻ ነበሩ። ጠበቃዋ ወደ ቀጮ ጠጋ ብላ "አሁን እጇን ብታበላሽ፣ ልክ እንደ ያኔው ብትጭረው፣ አለቀልን" አለቻት በሹክሹክታ። ብታበላሸው ማን ይፈርድባታል? ሥራዋ ይመለሳል፣ ልጆቿ ይተርፋሉ፣ የተከዳችውም እሷ ናት። ቀጮ ራሷ በልቧ "አበላሺው" እና "አታበላሺው" በአንድ ትንፋሽ አለች።

መርማሪው ሃያ መስመር ያለው ወረቀት ሰጣት። ድንቡሼ "ቆሜ መፈረም ይቻላል?" ብላ ጠየቀች። ይቻላል አላት። ወንበሩን ገፋ አድርጋ ቆመች። ሃያውንም ፈረመችው፤ እጇ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሃያ የቀጮ ፊርማ፣ አንዱ ካንዱ አይለይ፣ ጭራቸው እንኳ እኩል። እስክሪብቶውን አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ወደ ቀጮ አላየችም።

ይግባኙ አራት ወር ፈጀ። ያን አራት ወር እናትየው እንዴት እንዳለፉት አይወራ፤ ብቻ እየተለመነላቸው፣ አልፎ አልፎ ሰው በቀረበት ማሽን አለፉት። ፍርዱ ሲነበብ ቃል በቃል ቀጮ የጓጓችለት ነው፦ ፊርማው የምስክሯ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ከሳሿ አታውቅም፤ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው፤ ወደ ሥራዋ ትመለስ፣ ጥቅማ ጥቅሟ ይከበርላት። ጠበቃዋ እንደ ልጅ ዘላ አቀፈቻት። "መብትዎን አስከበሩ እኮ፣ እትዬ!" አለቻት። ቀጮም አዎ አለች። ቢሮው ሲመለሱ ከጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ የጠበቃዋ ባልደረባ አንድ ቀጭን ፋይል አጥፎ መደርደሪያው ውስጥ ሲያስገባ አየች፤ የማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

ካርዱ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። እናቷ በሳምንቱ ሁለት ቀን ማሽኑ ላይ ተኙ፤ እብጠታቸው ጎደለ፣ ፊታቸው ፊት መሰለ፣ ሾርባ አማረኝ አሉ። ሾርባውን እየጠጡ "ያቺ ልጅ ግን ምነው ጠፋች? ድንቡሼ?" አሏት።

"ሥራ በዝቶባት ነው እማዬ።"

"እሷ ናት ያስመለሰችልሽ፤ ውለታዋን እንዳትረሺ። በይ ሂጂና ጠይቂያት።"

ቀጮ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። በዚህ ጊዜ ሱቁ ጋ አልቆመችም። የምትለውን መንገዱን ሙሉ ስታዘጋጅ ነው የሄደችው፤ እግሯ ላይ እወድቃለሁ፣ ብትመታኝም ትምታኝ፣ ከደመወዜም ከጉልበቴም እኩል እንካፈል እላታለሁ እያለች። የድንቡሼ ቤት በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የሰሐን ድምፅ ይሰማል። አንኳኳች፤ የሰሐኑ ድምፅ ቆመ።

ብዙ ቆይቶ በሩ ትንሽ ሰፋ ብሎ ተከፈተ። ትንሿ ልጅ ናት፣ ያቺ ኩፍኝ ይዟት የነበረችው። ስድስት ዓመቷ ነው። የቀጮን ፊት ስታይ በደስታ ፈገግ አለች፤ ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ሲላት ፊቷን አኮሳተረች።

"እትዬ ቀጮ፣ የለችም በያት ብላኛለች።"

ቀጮ የበሩን ጉበን ያዘች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የልጅቷን ጉንጭ ዳበሰች።

"እሺ የኔ ቆንጆ። ስትመጣ፣ ቀጮ ይቅር በዪኝ ብላ መጥታ ነበር በያት።"

ልጅቷ ወደ ውስጥ ዞር ብላ አየች፤ መልሳ ወደ ቀጮ ዞረች።

"ሰምታለች" አለች።